ሦስት መንገደኛ አረሮች

ቀጭን አረር ያለቅሳል። ይህን የማያምን ሰው ስፒን ታንጋይ መንደር አንድ ክረምት አልከረመም ማለት ነው። ልኩ የሆነ አረር ሲተኮስ "ጧ!" ይልና ያልፋል፤ በቃ። ቀጭኑ ግን በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ የተቀረጸውን ጥምዝ ቦይ የሚነክስበት ወገብ የለውም። ሳይሽከረከር ይወጣና በአየር ላይ እየተገለባበጠ፣ እናቱን እንዳጣ ጥጃ "ዉዉዉ" እያለ ይሄዳል። የት እንደሚያርፍ እሱም አያውቅ። ኡስታድ ዳውራን እንዲህ ያለውን አረር "መንገደኛ" ይሉታል። "መንገደኛ ቤት የለውም፤ ስለዚህ የደረሰበት ሁሉ ይጋደማል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቀጭን አረር ከመታ የሚመታው በጎኑ ተጋድሞ ነው፤ የሚተወውም ቀዳዳ ክብ ሳይሆን የተምር ፍሬ የመሰለ ረዘም ያለ ነው።

ኡስታድ ዳውራን በሸለቆው የታወቁ ጥይት ሞይ ናቸው። ሰው የተተኮሰ ቀለህ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው ጠርገው፣ አቃንተው፣ ባሩድ ሞልተው፣ አዲስ አረር ደፍነው ይመልሳሉ። ከእንግሊዞች ዘመን የቀሩት አሮጌ ጠመንጃዎች ቱቧቸው በስንት ትውልድ ተኩስ ተበልቶ ሰፍቷል። ከዳራ ገበያ የሚመጣው አረር ደግሞ ለወታደሮቹ አዲስ ጠመንጃ የተሠራ ስለሆነ በአንድ ፀጉር ያንሳል። በአንድ ፀጉር! በዓይን ብታየው መንታ ነው። ቀለሁ አፍ ላይ ቆንጆ አድርጎ ይቀመጣል፤ ጉዱ የሚወጣው ሲተኮስ ነው።

ይህን ፀጉር የሚለዩት የኡስታድ ጣቶች ነበሩ፤ ዓይናቸውም ነበረ። ዓይናቸው ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ እርጎ ላይ የሚቀር ውኃ መስሏል። ይህንንም ከቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ጥይቱን የምትሞላው፣ አረሩን በባለ ቀዳዳዋ መዳብ እያሳለፈች የምትለየው ታናሽ ልጃቸው ቶርፔካይ ናት። ልካሙን "ልክ" ከተባለው ቆርቆሮ፣ ቀጭኑን "መንገደኛ" ከተባለው ቆርቆሮ ትከታለች። ኡስታድ ልካሙን እየዳበሱ ቂጡ ላይ በሰንጢ አንዲት ጭረት ያደርጉበታል። ጭረት የሌለው አረር ከዚያ ቤት አይወጣም፤ ሕግ ነው።

ቶርፔካይ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አራት ክፍል ተምራለች፤ አስተማሪዋ ለሠርግ ብላ ወደ አገሯ ሄዳ ሳትመለስ ስትቀር ትምህርቱም ቀረ። በአራቱ ዓመት ማንበብ፣ መደመርና መከራከር ተምራ ወጣች። ከሁሉ አብልጣ የተካነችው ሦስተኛውን ነው።

የታላቅ እህቷ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኮክ በሚለቀምበት ሰሞን፣ ሙሽራው ሳርቢላንድ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠመንጃ ታቅፎ መጣ።

"ሰላም ለዚህ ቤት።"

"ለአንተም ይሁን። ግን ሚስማራም ጫማህን ውጭ ተወው፤ ባሩድ አለ" አለችው ቶርፔካይ ከመጋረጃው ጀርባ።

"ይህች ምላስ አሁንም አላጠረችም?"

"ምላስ እንደ ቀለህ ነው ወንድሜ፤ በተተኮሰ ቁጥር ይረዝማል።"

"ቶሬ!" አሉ ኡስታድ። "እንግዳ ነው፣ ዝም በይ።"

ሳርቢላንድ ጠመንጃውን ምንጣፉ ላይ አጋደመው። ጨርቁን ግን ራሱ አልፈታም። በሁለቱም ጆሮው ጥጥ ወትፏል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጆሮዬን ያመኛል እያለ በበጋም በክረምትም ጥጥ አይለየውም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ይጮህበታል፣ እሱም በሰው ሁሉ ላይ ይጮሃል።

"የወንድሜ የሻምሮዝ ጠመንጃ ናት ኡስታድ! ሦስቷን ጥይት በእሷ ልክ ይሥሩልኝ!"

"የራስህ ጠመንጃ ምን ሆነ?"

"የእናቴ ቃል ነው። 'ልጅቷ የታጨችው ለሻምሮዝ ነበረ፤ ቤቴ ከገባች በሻምሮዝ ጠመንጃ ተተኩሶ ትገባለች፣ ያለዚያ አትገባም' አሉ።" መዳፉን በሸሚዙ ጠረገ፤ የነካው ነገር የለም፣ ግን ጠረገ። "እናት ናቸው፣ ምን ይደረግ!"

በስፒን ታንጋይ ሙሽራ የምትወሰደው ዒላማ ተመትቶ ነው። የሴቷ ወገን የቅቤ ቆርቆሮ ክዳን ከገደሉ ማዶ ባለው ወይራ ላይ ይሰቅላል። ሦስት ጥይትም በመሐረብ ቋጥሮ ለሙሽራው ይሰጣል። ከሦስቱ አንዷ ክዳኑን ካገኘች፣ ክዳኑ በትሪ ሆኖ ሴቶቹ ዘንድ ይገባል፤ ሴቶቹ ቀዳዳውን በዓይናቸው አይተው ሙሽራዋን ያስነሳሉ። ሦስቱም ከሳቱ ሰርገኛው ሩዙን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። እስከ መጪው የኮክ ለቀማ ድረስም ስሟን አያነሳም።

ሙሽራዋ ዋግማ ናት፣ የቶርፔካይ ታላቅ እህት። ከልጅነቷ የታጨችው ለሻምሮዝ ነበር፤ እሷም ደስ ብሏት ነበር። ይህ ደግሞ እንደ ክረምት ኮክ ስንት ጊዜ ይገኛል? ሻምሮዝ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። በአገሩ ልማድ የሟች እጮኛ ለወንድሙ ትቀራለች፤ ስለዚህ ዋግማም፣ የወንዙ ዳር ማሳም ለሳርቢላንድ ቀሩ። ማሳው ምንም አላለም። ዋግማም ምንም አላለች፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ሻማ አለቀች። ተስፋዋ አንድ ነበር። አጎታቸው በመጪው ክረምት ከካራቺ ሲመለሱ ከሽማግሌዎች ፊት ቆመው ሊከራከሩላት ቃል ልከዋል። አጎት ክረምት ይመጣሉ፤ ሠርጉ ሦስት ቀን ቀረው። የሚያስፈልጋት አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ደግሞ፣ ቶርፔካይ አስልታ አገኘችው፣ በሦስት ቀጫጭን አረሮች ይገኛል።

ኡስታድ ለሶላት ሲወጡ ጨርቁን ፈታች። የሻምሮዝ ጠመንጃ ሰደፉ ላይ በትንንሽ የናስ ሚስማር ኮከብ የተሠራበት ነው። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ጠመንጃው ግን እንደ ጉድጓድ ገመድ ይቀዘቅዛል። መዝጊያውን ከፍታ፣ ሰደፉን ምንጣፉ ላይ አቁማ፣ ከ"መንገደኛ" ቆርቆሮ አንድ አረር አወጣችና አፈሙዙ ላይ አስቀመጠችው። ልካም አረር እዚህ አፍ ላይ ተሰክቶ ይቆማል፤ አፍንጫው ብቻ ነው የሚገባው። ይሄኛው ጣቷን ስታነሳ ሽልክ ብሎ ገባ። "ጎሽ" አለች።

ተንከባለለ። ቁልቁል የቆመ ቱቦ ውስጥ የገባ አረር ሁለት እስኪቆጠር ታች ይደርሳል። ቶርፔካይ ስትቆጥር ዘጠኝ ደረሰች። አረሩ አሁንም ይንከባለል ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ሩቅ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ከመዝጊያው በታች ያነጠፈችው ጨርቅ ላይ ምንም አልወደቀም።

"ምን ወደቀ?" አሉ ኡስታድ ከበሩ።

"ምንም፣ ባባ።"

"ምንም የሚባል ነገር እንዲህ ሲንከባለል ሰምቼ አላውቅም።"

ምንጣፉን አራገፈች፣ የለም። የመጥረጊያውን ዘንግ ከአፈሙዙ ከታ በመዝጊያው አወጣችው፤ ቱቦው ባዶ ነው። ጠመንጃውን ወደ ፀሐይ አቅንታ በቱቦው ውስጥ አየች። በወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ክብ ብርሃን አለ። ብርሃኑ አንድ ጊዜ ተከደነ፤ ተመልሶም ተከፈተ፤ ዓይን እንደሚርገበገብ።

ቶርፔካይ ጠመንጃውን አስቀመጠች። ቅጠል ነው አለች። ወፍ ነው አለች። ግቢው ውስጥ ቅጠልም ወፍም እንደሌለ ለራሷ ሳትነግር ቀረች።

ከዚያ ሥራዋን ሠራች። ሦስት ቀለህ ጠረገች፣ ባሩዱን በማንኪያዋ ሰፍራ ሞላች፣ ሦስት ቀጫጭን አረሮችን አፋቸው ላይ አስቀምጣ በመጨበጫው ጥርቅም አደረገች። የሚያምሩ ሆኑ። ዋግማ ይህን ጊዜ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ገባች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሠርግሽን እያበላሸሁ።"

ዋግማ ሦስቱን ጥይት አየች፣ የትኛው ቆርቆሮ ክፍት እንደሆነም አየች። የጥይት ሞይ ልጅ ናት፣ አይነገራትም። "ባባ ቢያውቁ ይሞታሉ" አለች። "ለእንግዳ መጥፎ ጥይት መስጠት ወጡ ውስጥ አሸዋ መጨመር ነው ሲሉ አልሰማሽም?"

"ሳርቢላንድ አሸዋ ቢበላም አይታወቀው። ይልቅ ጠመንጃውን ከዚህ አንሺልኝ፤ እጄን አቀዘቀዘው።"

ዋግማ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻምሮዝን ጠመንጃ ዳሰሰች። እጇን አላነሳችም። "ይሞቃል እኮ" አለች።

ቶርፔካይ ሦስቱን ጥይት በመሐረብ ቋጠረች።

ሻምሮዝ የሞተው ድንጋዩ ተቀምጦ ሳለ ነበር። ከወንዙ ማዶ ካሉት ሰዎች ጋር የቆየ ደም አለ፤ መከር ሲደርስ ግን ሽማግሌዎች መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ ድንጋዩ እስካልተነሳ ድረስ ማንም አይተኩስም። ድንጋዩን አምኖ ሻምሮዝ ጠመንጃውን ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ማጭድ ብቻ ይዞ ማሳ ወረደ። ጀርባውን ተመትቶ ተገኘ። ቀዳዳው ረዘም ያለ ነበር፤ "ማዶዎቹ ናቸው፣ አረሩ ድንጋይ ነክቶ ነጥሮ ነው" ተባለ። ይህን መጀመሪያ ያለው ሳርቢላንድ ነው። ድንጋዩ ተነሳ። በማግስቱ ለበቀል ከማዶ አንድ ሽማግሌ ሰው በበሩ ላይ ተገደለ። ዋግማ ያን ዕለት ምንጭ ወርዳ ነበር፤ ከተኩሱ ጋር የጥጃ ልቅሶ መስማቷን ለእህቷ ብቻ ነግራታለች። "ጥጃ ይሆናላ" ብላት ነበር ቶርፔካይ።

በሠርጉ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰርገኛው በከበሮ መጣ። ወንዶቹ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ። የሙሽራው እናት ቢቢ ዘርጃና ከሴቶቹ መሐል ተቀመጡ። በሻላቸው ሥር የሟች ልጃቸውን ሰደርያ ለብሰዋል፤ ከሞተ ጀምሮ አውልቀውት አያውቁም፣ ሰውም ለምዶታል። ኡስታድ መሐረቡን ከቶርፔካይ እጅ ተቀበሉ፤ ለሽማግሌው ለመሊክ ጋታል ከመስጠታቸው በፊት እሳት ከሚነድበት ጓዳ ገብተው ጥቂት ቆዩ። ሲወጡ መሐረቡን ሰጡ። ቶርፔካይ ሩዝ ስታወጣ ስለነበር ይህን ብታይም አላሰበችበትም።

እሷ ያሰበችው ስለ ጣራው ነው። ሴቶቹ ሩዝ ላይ ሲያተኩሩ መሰላሉን ወጥታ ጣራው ላይ በሆዷ ተኛች። ከዚያ ሁሉም ይታያል፤ ገደሉ፣ ወይራው፣ በወይራው ላይ እንደ ትንሽ ፀሐይ የሚያብለጨልጨው ክዳን፣ ከአፋፉ ላይ ደግሞ ሳርቢላንድ፣ ጥጡ በጆሮው።

አንደኛውን ተኮሰ። ጧ! ከተኩሱ ኋላ "ዉዉዉ" የሚል ልቅሶ ገደሉን ተሻገረ። ክዳኑ አልተነቃነቀም። 

"ምንድን ነው እሱ? ጥጃ ነው?" አለ አንዱ።

"የሙሽራው ሆድ ነው" አለ ሌላው፣ ተሳቀ።

ሁለተኛውን ተኮሰ። ልቅሶው አሁን ረዘመ። በገደሉ ውስጥ ዞረ፣ ተመልሶ በሰዎቹ ራስ ላይ አለፈ መሰለ። ክዳኑ እንዳለ ነው። የሳቀ ሰው የለም። ሳርቢላንድ ጥጡን በጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ፤ ወዲያው ደግሞ አወጣው፣ አየው፣ መልሶ ወተፈው። ከጣራው ሥር ከጓዳው ውስጥ የዋግማ ድምፅ ተሰማ፣ ለማንም ያልሆነ፦ "ያ ድምፅ ነው። ያ ነው።"

ቶርፔካይ መዳፎቿን አጣብቃ "አንዷ ብቻ ቀረች፣ አንዷ ብቻ" ትላለች።

ሦስተኛውን ለመተኮስ ሳርቢላንድ ብዙ ቆየ። አነጣጠረ፣ አወረደ፣ እንደገና አነጣጠረ። ያን ጊዜ የሆነውን በኋላ ሰው ሁሉ በየራሱ አወራው፤ በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማል። ልቅሶው ቀደመ። መጀመሪያ "ዉዉዉ" የሚለው ከቱቦው ውስጥ ተሰማ፤ ተኩሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክዳኑ ተሽከረከረና ወደቀ።

"ተመታ!" አለ ከወይራው አጠገብ የቆመው ዳኛ። ከበሮው ግን አልተመታም። መቺዎቹ ረሱት።

ቶርፔካይ ፊቷን የጣራው ጭቃ ላይ ደፋች። ቀጭን አረር ክዳን አይመታም። ከመቶ አንዱ ቢመታ ነው፤ ያ አንዱ ዛሬ ይሁን? ለእህቷ የገዛችላት ዓመት በዓይኗ እያየች ከገደል ወረደ። ከጣራው ስትወርድ ሴቶቹ ዋግማን ሊያስነሱ ቀሚሷን ማስተካከል ጀምረዋል። ዋግማ አታለቅስም። እንደ እቃ ዝም ብላ ትስተካከላለች።

ክዳኑ በትሪ ሆኖ ገባ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ለሙሽራው እናት ተሰጠ። ቢቢ ዘርጃና ክዳኑን አነሱ፤ ወደ ብርሃን አዞሩት። "ልጄ መታ" ማለት ነበረባቸው፤ ሴቶቹም ይህን ሰምተው እልል ለማለት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አላሉም።

ሻላቸውን ገለጡ። ሰደርያውን አወለቁ። ሁለት ዓመት ያላወለቁትን በሠርግ መሐል አወለቁት። ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳ በጣታቸው ፈለጉ፣ ክዳኑን ከላዩ አስቀመጡ። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ። የተምር ፍሬ በተምር ፍሬ ላይ። ከሹሉ ወገን ያለችው ትንሽ ስንጥቅ እንኳ በዚያው በኩል ነበረች።

"ሳርቢላንድን ጥሩልኝ" አሉ።

ሳርቢላንድ ጠመንጃውን እንደያዘ ከግቢው ደፍ ላይ ቆመ። ከኋላው መሊክ ጋታልና ወንዶቹ። ቢቢ ዘርጃና ከተቀመጡበት አልተነሱም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

"ጥጡን አውጣ።"

"አዴ፣ ሰው እያየ..."

"አውጣ አልኩህ።" አወጣ። "ወንድምህን የመታው አረር ድንጋይ ነክቶ የነጠረ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸው ክዳኑ፤ የነጠረበት ድንጋይ የታለ? የሻምሮዝ ጠመንጃ ያን ዕለት ቤቴ ግድግዳ ላይ ነበረ። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ከግድግዳው ማን አወረደው?"

"አዴ፣ ይሄ ክፉ ጥይት ነው! ኡስታድ ናቸው ቀጭን አረር የሰጡኝ! በዚያን ጊዜ ቀጭን አረር እኔ ከየት አመጣለሁ? በዚህ ሸለቆ ቀጭን አረር ማን ይሰጠኛል?"

 እውነት ነው፤ ጭረት የሌለው አረር ከኡስታድ ቤት አይወጣም፣ ሁሉም ያውቃል። የኡስታድ ፊት ከደፉ በስተጀርባ አመድ መሰለ። ቶርፔካይ የገዛ እጇን አየች። በእጇ ላይ ስድስት የብርጭቆ አምባሮች አሉ፣ ሰማያዊ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያገኘቻቸው። አምስት አረር፣ ለቆቅ መተኮሻ፣ ለባባ እንዳትነግሪ ብሎ የሰጣት ሳርቢላንድ ነው። እሷም አሹፋበት ከቀጭኑ ቆርቆሮ ሰፍራለት ነበር፤ ለሳርቢላንድ ልካም አረር ምን ያደርግለታል ብላ። "ቆቆቹ ይስቁብሃል" ብላውም ነበር። ቆቅ መትቶ ያመጣ ቀን የለም። አስባው አታውቅም፤ አንዳንድ ነገር ሰው እንዳያስበው ከራሱ ይደብቃል።

ብትናገር የአባቷ ስም ይጠፋል። ዝም ብትል እህቷ ትሄዳለች።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "በዚያ ፀደይ። አምስት። ቀጫጭን መሆናቸውን እሱ አላወቀም፤ ቀለሁ አፍ ላይ የገባ ሁሉ ልክ ይመስለዋል። ራሱ ነው የሞላቸው። ይኸው የከፈለኝ።" እጇን ዘረጋች። አምባሮቹ ተንቀጫቀጩ።

ሳርቢላንድ ልጅቷን አላያትም። እናቱንም አላያቸውም። አንገቱን ወደ ጠመንጃው አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር።

"ማነው የሚያለቅሰው?" አለ። "አዴ፣ አይሰማችሁም? ማነው?"

ማንም ምንም አልሰማም። ጠመንጃውን እንደ ጋለ ብረት ጣለው፤ ደፉ ላይ ወደቀ። ከወንዶቹ መሐል ሁለት ሦስቱ እጃቸውን ወደ ዝናራቸው ሰደዱ። ቢቢ ዘርጃና ያን ጊዜ ተነሱ። የራስ መሸፈኛቸውን ገፈው በሳርቢላንድና በወንዶቹ መሐል ደፉ ላይ ዘረጉት። ሽበታቸው ተገልጦ በፀሐይ ታየ። የእናት መሸፈኛ መሬት ላይ ሲነጠፍ የሚሻገረው ወንድ የለም፤ የሚተኩስም የለም።

"ሁለተኛውንም አትግደሉብኝ" አሉ። "ይሂድ። ሙሽራም በዚህ ጨርቅ ላይ አልፋ ቤቴ አትገባም። መሊክ፣ ዛሬውኑ ድንጋዩን መልሱና አስቀምጡ፤ ማዶዎቹ የገደሉብን ሰው የለም። ደም ያለብን እኛ ነን።"

ሳርቢላንድ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ገደሉን ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ስፒን ታንጋይ አላየችውም። ያዩት ነጋዴዎች በየደረሰበት አገር ሰዉን "ጥጃችሁን ለምን አታጠቡትም?" እያለ ያስቸግራል ይላሉ።

ሰዉ ሲበተን ጠመንጃው ደፉ ላይ ቀረ፤ የሚያነሳው ጠፋ። ዋግማ የሙሽራ ልብሷን ሳታወልቅ ወጥታ አነሳችው፣ የአባቷ መሥሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ አስደገፈችው፤ ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ ሩዝ በላች።

ቶርፔካይ አባቷ ፊት ተንበርክካ አምባሮቹን አንድ በአንድ ሰበረች። "ይምቱኝ ባባ" አለች። "ሦስቱም ጥይት ቀጫጭን ነበሩ። ሆን ብዬ ነው።"

"ሁለቱ ናቸው" አሉ ኡስታድ።

"ሦስቱም ናቸው ባባ፣ እኔ ነኝ የሞላኋቸው።"

"ዓይኔ ነው እንጂ ጣቴ መቼ ታወረ? ጓዳ ገብቼ መሐረቡን ስፈታው አወቅሁ። ሦስቱንም ልለውጥ ነበር፤ እህትሽ ጥግ ይዛ በጭንቀት ስትተነፍስ ሰማኋት።" ጢማቸውን ዳበሱ። "ሁለቱን ለልጄ ተውኩ። አንዷን ለስሜ ለወጥኩ። የለወጥኩት ቀለህ ቂጡ ላይ ምልክት አለው፤ መሊክ ሦስቱን ባዶ ቀለህ በተተኮሱበት ተራ ሲመልስልኝ ዳሰስኩት። በመጨረሻ የተተኮሰችው የኔዋ ናት። ልካም፣ ጭረት ያላት። አላህ ከፈለገ ይመታል፣ ካልፈለገ ይስታል ብዬ ነው።"

ቶርፔካይ ልካም አረር ምን ዓይነት ቀዳዳ እንደሚተው ታውቃለች። ክብ፣ እንደ ሽምብራ። ልካም አረር እንደማያለቅስም ታውቃለች። አባቷም ያውቃሉ። የክዳኑን ቀዳዳ ነገር ግን ሁለቱም አላነሱትም።

"አጥብቀሽ ጥረጊው" አሉ ኡስታድ በመጨረሻ፣ ወደ ግድግዳው በአገጫቸው እያሳዩ። "የሞተ ሰው ንብረት ነው፣ ባሩድ አይደርበት።"

ጠመንጃውን ልታነሳ ሰደፉን ያዘች፤ አፈሙዙ ቁልቁል አዘነበለ። አንድ ነገር በቱቦው ውስጥ ተንከባለለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዘጠኝ ላይ ደረሰና ወጥቶ መዳፏ ላይ ወደቀ። አረር ነው። ያ የጠፋው ቀጭን አይደለም፤ ጣቷ ገና ሲነካው ወፍራምነቱን አወቀ። ይህ አረር በዚህ ቱቦ በመዶሻ ካልሆነ አያልፍም። ገላውን የቱቦው ጥምዝ ቦይ አልጫረውም፤ የተተኮሰ አይመስልም፣ ልስልስ ያለ ነው። ገልብጣ ቂጡን አየች። የአባቷ የሰንጢ ጭረት አለ፤ በመጨረሻ ተተኮሰ የተባለው ነው።

"ምን ወደቀ?" አሉ ኡስታድ።

ቶርፔካይ አረሩን ጨበጠችው።

"ምንም፣ ባባ።"

ኡስታድም በዚህ ጊዜ አልተከራከሩም። ምንጣፋቸውን ይዘው ከግድግዳው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ምንም የተባለው ነገር ግን በልጅቷ መዳፍ ላይ ይሞቅ ነበር።